ክሎሮፕላስቶች የሚሄዱት ተወስደው አይደለም፦ ስለ ቅጠልና ብርሃን ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቅጠልና ብርሃን የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። በቋንቋችን ስለ ዕፅዋት ህዋስ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንበብ የጀመርኩት በደስታ ነበር። አጻጻፉ ለዛ አለው፤ ጉዳዩም ሊነበብ የሚገባው ነው። በቅጠል ህዋስ ውስጥ ያሉት ክሎሮፕላስቶች፣ ማለትም ከብርሃን ምግብ የሚሠሩት አረንጓዴ አካላት፣ እንደ ብርሃኑ መጠን ቦታቸውን ይለውጣሉ ይላል። ይህ እውነት ነው። ለምንና እንዴት እንደሚለውጡ ለማስረዳት የደረደራቸው ምክንያቶች ግን አንዳቸውም አይቆሙም፤ በመጨረሻ የሰጠው ምክር ደግሞ ችግኝ ይገድላል።

የጽሑፉ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ክሎሮፕላስቶች በራሳቸው አይንቀሳቀሱም፤ የህዋሱ ፈሳሽ እየዞረ ይወስዳቸዋል። ብርሃን በጨመረ ቁጥር ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። ብርሃኑን የሚለዩት በክሎሮፊላቸው ነው። ቅጠል በጠራራ ፀሐይ የሚገረጣው ክሎሮፊሉ ስለሚቃጠል ነው። ነገሩ ሁሉ የቤተ ሙከራ ሰዎችን ከማስደነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ያደገን ተክል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ማውጣት ምንም አይጎዳውም፤ ክሎሮፕላስቶቹ ራሳቸው ያስተካክሉታል።

እነዚህ ሁሉ ሰው የመሰለውን ተናግሮ የሚያልፍባቸው ጉዳዮች አይደሉም። እያንዳንዳቸው በሙከራ ተጠይቀው መልስ የተገኘላቸው ናቸው። አንባቢም መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የተገኘበትን መንገድ ማየት ይገባዋል ብዬ ስለማምን በሰፊው እጽፋለሁ።

ጽሑፉ ዋና ማስረጃ ያደረገው ኤሎዴያ የሚባለውን የውኃ ተክል ነው። የዚህን ተክል ቅጠል በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አረንጓዴዎቹ አካላት የህዋሱን ዳር ይዘው ተከታትለው ሲዞሩ ተመልክቷል። ጸሐፊው ያዩት ነገር በእርግጥ አለ። የሳይቶፕላዝም ፍሰት ይባላል፤ ጣሊያናዊው ቦናቬንቱራ ኮርቲ እ.ኤ.አ. በ1774 ያስታወቀው ነው (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሕተቱ የኤሎዴያን ዙረት ወስዶ በየብስ ተክል ቅጠል ውስጥ ብርሃን ለሚያስነሣው ጉዞ ማብራሪያ ማድረጉ ላይ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለመለየትም አያስቸግሩም።

ፍጥነታቸውን እንይ። ካራ በሚባለው የውኃ አልጌ ውስጥ ፍሰቱ በሰከንድ እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ብርሃን ያስነሣው ክሎሮፕላስት ግን በደቂቃ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ የሚሸሸው ከኃይለኛ ብርሃን ከሆነ ጥቂት ይፈጥናል። የአንዱ ክሎሮፕላስት ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሆነ የራሱን ስፋት ያህል ለመሄድ እንኳ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ከአቅጣጫ አንጻርም ፍሰት ያገኘውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይነዳል። ብርሃን ሲመጣ ግን በአንድ ህዋስ ውስጥ ካሉት ክሎሮፕላስቶች አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ፣ ሌላው ደግሞ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ በሚቀርበው መንገድ ይሄዳል። በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ወደ ብርሃን የሚሰበሰብ ክሎሮፕላስት ፊትና ኋላ የለውም። መዞር ሳያስፈልገው ወደ ፈለገው ወገን ይሄዳል።

ታዲያ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም ነበር፤ መልሱ ሲመጣም ከክሎሮፕላስቱ ከራሱ ገላ ላይ ተገኘ። አራቢዶፕሲስ በሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት ትንሽ ተክል ላይ በ2003 የታተመ የጃፓኖች ጥናት ቸፕ-1 የተባለ ፕሮቲን አሳወቀ። ይህ ፕሮቲን የክሎሮፕላስቱ ውጫዊ ሽፋን ላይ ተተክሎ አክቲን ከተባለው የፕሮቲን ክር ጋር ይያያዛል፤ አክቲን የእኛን ጡንቻ ከሚያኮማትሩት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። የቸፕ-1 ጂን በተበላሸበት ተክል ውስጥ ክሎሮፕላስቶቹ በህዋሱ ግርጌ ተከማችተው ይቀራሉ። ብርሃኑ ቢደክምም ቢበረታም ንቅንቅ አይሉም። ክሎሮፕላስቱን የሚወስደው የፈሳሹ ዙረት ቢሆን ኖሮ በክሎሮፕላስቱ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ስለጎደለ ጉዞው ባልቆመ ነበር።

ከዚያም በ2009 አኪዮ ካዶታ፣ ማሳሚትሱ ዋዳና ባልደረቦቻቸው ክሮቹን በሕይወት ባለ ህዋስ ውስጥ ተመለከቷቸው። በክሎሮፕላስቱ ጠርዝ ላይ፣ የህዋሱን ሽፋን በሚነካበት በኩል፣ አጫጭር የአክቲን ክሮች አሉ። ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ክሮቹ ለጊዜው ይጠፋሉ፤ ቀጥሎ ክሎሮፕላስቱ ሊሄድ ባለበት ወገን ላይ ብቻ በርከት ብለው ይወጣሉ፤ ጉዞው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በፊትና በኋላ ባሉት ክሮች ብዛት መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ክሎሮፕላስቱ ይፈጥናል። የአክቲንን ክር የሚያፈርስ ኬሚካል ሲጨመር ደግሞ ጉዞው ይቋረጣል። ይህን ያየ ሰው ክሎሮፕላስትን የሚወስደው የህዋሱ ፈሳሽ ነው ሊል አይችልም።

ብርሃን በጨመረ ቁጥር ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ የሚለው አሳብ የነገሩን ግማሽ ይዞ ግማሹን ጥሏል፤ የጣለው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው። የቅጠልን ህዋስ እንደ አንድ ክፍል ቤት እናስበው፤ ብርሃኑ የሚገባው በጣሪያው በኩል ነው። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ክሎሮፕላስቶቹ ጣሪያውና ወለሉ ላይ ተዘርግተው ገጻቸውን ለብርሃኑ ይሰጣሉ፤ በዚህም የመጣው ብርሃን ሳይባክን ይያዛል። ብርሃኑ ሲበረታ ጣሪያውንም ወለሉንም ለቀው ወደ ጎን ግድግዳዎቹ ይሄዱና አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ይሰለፋሉ። መካከሉ ባዶ ስለሚሆን ብዙው ብርሃን በዚያ አልፎ ከታች ወዳሉት ህዋሶች ይወርዳል። ጨለማ ሲሆን ደግሞ በአራቢዶፕሲስ ውስጥ ወለሉ ላይ ይሰፍራሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብርሃን ክሎሮፕላስትን እንደሚያንቀሳቅስ በ1856 በም የተባለ ተመራማሪ ጽፏል። ጀርመናዊው ኧርነስት ሽታል በ1880 ሙጆቲያ በምትባል ክር መሰል አልጌ ላይ የተመለከተው ደግሞ በጣም ግልጽ ነው። የሙጆቲያ ህዋስ ያላት አንድ ክሎሮፕላስት ብቻ ነው፤ እሱም ሰሌዳ መሳይ። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ሰሌዳው ገጹን ያዞርለታል፤ ሲበረታ ተሽከርክሮ ጠርዙን ይሰጠዋል። ጉስታፍ ዜን በ1908 በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ከብርሃን መሸሽ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ስለዚሁ ጉዞ የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሣው ማለፉ በጣም ያሳዝናል።

የሚሸሹበት ምክንያት ቀላል ነው። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ 2000 ማይክሮሞል ያህል ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ያወርዳል። ቅጠል ግን ይህን ሁሉ ወደ ምግብ መለወጥ አይችልም፤ በተለይ ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል ከዚህ በጣም ባነሰ ብርሃን ይጠግባል። ክሎሮፊል ይዞት ሥራ ያላገኘለት ኃይል ወደ ኦክስጅን ሲተላለፍ አጥፊ የሆኑ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። መጀመሪያ የሚጎዳው ውኃን የሚሰነጥቀው ክፍል ነው፤ ፎቶሲስተም ሁለት ይባላል። በውስጡ ያለው ዲ1 የተባለው ፕሮቲን በየጊዜው ተሰብሮ በየጊዜው ይጠገናል። ስብራቱ ከጥገናው ከፈጠነ የቅጠሉ ምግብ የመሥራት አቅም ይወድቃል። ለእንዲህ ያለው ቅጠል ብርሃን በጨመረ ቁጥር ወደ ብርሃኑ መሰብሰብ ወደ እሳት መግባት ይሆንበት ነበር።

አሁን ብርሃኑን የሚለየው ክሎሮፊል ነው ወደሚለው ልለፍ። አሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል፦ ክሎሮፕላስት አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን የሚይዘው በክሎሮፊል ነው፤ ስለዚህ ብርሃን መኖሩን የሚያውቀውም በዚያው ነው። ነገር ግን ብርሃንን ለምግብ መያዝ አንድ ሥራ ነው፤ ብርሃን ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደመጣ መለየት ሌላ ሥራ ነው። ህዋሱ ለሁለተኛው ሥራ ሌላ መሣሪያ አለው።

ይህን የሚለየው ሙከራ ቀላል ነው። ክሎሮፊል ሰማያዊውንም ቀዩንም ብርሃን ይይዛል፤ ቀይ ብርሃን ብቻውን ሲበራለትም ቅጠል ምግብ ይሠራል። እንግዲህ ዳሳሹ ክሎሮፊል ከሆነ ቀይ ብርሃንም ክሎሮፕላስቶቹን ሊመራቸው ይገባል። አራቢዶፕሲስ ላይ ሲሞከር ግን ቀይ ብርሃን ወደ የትም አይመራቸውም፤ የሚመራቸው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊ ብርሃንን የሚለዩት ፎቶትሮፒን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። የመጀመሪያውን ጂን በ1997 ያሳወቀው በካሊፎርኒያ የነበረው የዊንስሎ ብሪግስ ቡድን ነው፤ ሲፈልጉ የነበሩትም ቡቃያ ወደ መስኮት እንዲታጠፍ የሚያደርገውን ፕሮቲን ነበር። ፎቶትሮፒን ብርሃን የሚይዝበት ሞለኪውል ከቫይታሚን ቢ2 የሚሠራ ነው፤ ከክሎሮፊል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በ2001 ደግሞ በጃፓንና በአሜሪካ የነበሩ ሁለት ቡድኖች በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ውጤት ላይ ደረሱ፦ ከኃይለኛ ብርሃን መሸሽን የሚያዝዘው ሁለተኛው ፎቶትሮፒን ነው። በደካማ ብርሃን መሰባሰብን ሁለቱም ያዝዛሉ። ሁለቱም ጂኖች የተበላሹበት ተክል አረንጓዴ ነው፤ ክሎሮፊሉም አልጎደለም። ሰማያዊ ብርሃን ሲበራለት ግን ክሎሮፕላስቶቹ አይሰበሰቡም፣ አይሸሹም።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ በጠባብ ጨረር የተሠራው ሙከራ ነው። ዋዳና ካጋዋ አዲያንተም በሚባል ፈርን (ፈርን አበባ የማያወጣ የተክል ዓይነት ነው) ህዋስ ላይ ከህዋሱ በጣም ያነሰ የብርሃን ነጥብ አሳረፉ። ነጥቡ ደካማ ሲሆን ከነጥቡ ውጭ በጨለማ ውስጥ የነበሩ ክሎሮፕላስቶች ወደ ነጥቡ ጉዞ ጀመሩ። እነሱን ራሳቸውን የነካቸው ብርሃን የለም፤ ክሎሮፊላቸው ምንም አልያዘም። ሆኖም መጡ። ነጥቡ ኃይለኛ ሲሆን ውስጡ የነበሩት ሸሹ። ከሩቅ ያሉት ግን ወደ ነጥቡ ይቀርቡና ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ቆመው የነበሩት ወደ ውስጥ ገቡ። በ1999 የታተመው ይህ ውጤት ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ እንደሚወጡ ያሳያል። «ኑ» የሚለው ሩቅ ይደርሳል፣ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ይቆያል፤ «ራቁ» የሚለው ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ብቻ ይሠራል፣ ከብርሃኑም ጋር ያበቃል። ትእዛዙን ከፎቶትሮፒን ወደ ክሎሮፕላስት የሚያደርሰው ነገር ምን እንደሆነ ሳይንስ ገና አልያዘውም፤ የምርምሩ ትልቅ ክፍት ጥያቄም ይኸው ነው። ዋዳ ቀደም ብሎ በ1988 ያሳተመው ደግሞ ከዚህ አይተናነስም፦ ጂኖች የሚገኙበት ኒውክለሱ የወጣለት የፈርን ህዋስ ውስጥም ክሎሮፕላስቶቹ ለብርሃን ቦታቸውን ይለውጣሉ። አዲስ ትእዛዝ ከጂን እስኪወጣ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

ጸሐፊው ቀይ ብርሃን ክሎሮፕላስት የሚያንቀሳቅስባቸው ተክሎች አሉ ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። አሉ፤ ሙጆቲያና አዲያንተም ከእነዚህ ናቸው። ነገር ግን በእነሱም ውስጥ ዳሳሹ ክሎሮፊል አይደለም። ቮልፍጋንግ ሃውፕት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በሙጆቲያ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ቀይ ብርሃን ያስጀመረውን ዙረት ወዲያው የተከተለ ሩቅ ቀይ ብርሃን፣ ማለትም ከቀዩ አልፎ ዓይናችን በጭንቅ የሚያየው ብርሃን፣ ይሽረዋል። ይህ ፋይቶክሮም የሚባለው ዳሳሽ መታወቂያ ነው። አዲያንተም ደግሞ ኒዮክሮም የሚባል፣ የፋይቶክሮምና የፎቶትሮፒን ክፍሎች በአንድ ላይ የተጋጠሙበት ፕሮቲን አለው። ከዛፍ ሥር ለሚኖር ፈርን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ፈርኖች ይህን ጂን ያገኙት ሆርንወርት ከሚባሉ ከእነሱ በዘር ከራቁ ትናንሽ ተክሎች በቀጥታ ተሻግሮላቸው እንደሆነ አሳይቷል። የክሎሮፊል ነገር ቢሆን ኖሮ ፈርን ከሌላ ተክል መቀበል ባላስፈለገው ነበር፤ ክሎሮፊል ቀድሞም በእጁ ነበረና።

የቅጠል መገርጣት ጉዳይ ላይ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል። ክሎሮፊል በጠራራ ፀሐይ ሊጠፋ ይችላል፤ ያ ግን የጉዳት ምልክት ነው፣ ቶሎም አይመለስም። ክሎሮፕላስቶች ወደ ጎን ሲሄዱ ቅጠል የሚገረጣው ግን ክሎሮፊል ሳይቀነስ ነው፤ አረንጓዴው እዚያው አለ፣ ብርሃኑ ግን በመካከሉ ያልፋል። ብርሃኑ ሲቀንስ ክሎሮፕላስቶቹ ይመለሱና ቅጠሉ እንደገና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አንባቢ ይህን ራሱ ሊያየው ይችላል። ጥላ ወዳድ ከሆነ ተክል አንድ ቅጠል ወስዶ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ጥቁር ወረቀት ይሸፍንበት፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግና ሳይሞቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠንካራ ብርሃን ያግኝ። ወረቀቱ ሲነሣ በስንጥቁ ልክ ገርጣ ያለ መስመር ቅጠሉ ላይ ይታያል። ቅጠሉን ደብዛዛ ቦታ ሲያስቀምጡት መስመሩ ይጠፋል። የተቃጠለ ነገር እንዲህ አይመለስም።

የ2001ዱ የጃፓኖች ሥራ የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። ብዙ የአራቢዶፕሲስ ቅጠሎችን በስንጥቅ ሸፍነው ኃይለኛ ብርሃን አበሩባቸው። ጤነኞቹ ላይ ነጣ ያለ መስመር ወጣ። ጥቂቶቹ ላይ ግን ምንም መስመር አልወጣም፤ ቅጠሉ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። መሸሽን የሚያዝዘው ጂን የተበላሸባቸው እነዚህ ነበሩ። እንደ ጽሑፉ አባባል መገርጣት ማለት መቃጠል ከሆነ እነዚህ አረንጓዴ እንደሆኑ የቀሩት ከሁሉ ይልቅ የተጠበቁ መሆን ነበረባቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው።

በ2002 ካሳሃራና ባልደረቦቹ መሸሽ የማይችሉትን ተክሎች ከጤነኞቹ ጎን አድርገው ኃይለኛ ብርሃን ለረጅም ሰዓታት አበሩባቸው። ሲጀመር ገርጥተው የነበሩት ጤነኞቹ ቆዩ። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነው የቀሩት ግን በኋላ በእርግጥ ነጡ፣ ከዚያም የቅጠላቸው ሥጋ ሞተ። «ጥቅም የለውም» ለሚለውም መልሱ እዚሁ አለ፤ ክሎሮፕላስቱ መሸሽ ካልቻለ ቅጠሉ ይሞታል።

ጽሑፉ ተክሎች ሌላ መከላከያ አላቸው ይላል። አላቸው። ትርፍ ኃይልን በሙቀት መልክ የሚያስወጣው መንገድ፣ ዜያዛንቲን የተባለው ቢጫ ቀለም፣ ዲ1ን የሚጠግነው ሥርዓት፣ ሁሉም አሉ። አብዛኞቹ ግን የሚሠሩት ብርሃኑ ከተያዘ በኋላ ነው፤ የክሎሮፕላስት ሽሽት ብርሃኑ ከመያዙ በፊት ይቀንሰዋል። ከጠቅላላው ጥበቃ ውስጥ የሽሽቱ ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ድርሻው ከተክል ተክልም ይለያያል። ይህ ጤናማ ክርክር ነው፤ ጥቅም የለውም ከሚል ድምዳሜ ግን በጣም ይርቃል።

ጉዳዩ የአራቢዶፕሲስ ብቻ ነው ቢባልም ልክ አይሆንም። ትራዴስካንሺያ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው በረንዳው ላይ የሚያንጠለጥለውን ጥላ ወዳድ ሐረግ ያጠኑ ሰዎች በ1996 የክሎሮፕላስቱ እንቅስቃሴ ፎቶሲስተም ሁለትን ከብርሃን ጉዳት ለመጠበቅ እንደሚረዳ ጽፈዋል። ኦክሳሊስ ኦሬጋና በምትባል በአሜሪካ ምዕራብ ደኖች ወለል ላይ በምትበቅል ተክል ቅጠልም ለውጡ ጎልቶ ይታያል፤ በሱፍ አበባ ቅጠል ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ የህዋሱ ቅርጽ ነው። በፀሐይ ያደገ ቅጠል የላይኛው ንብብር ህዋሶች ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ለክሎሮፕላስት መዘዋወሪያ ቦታ የላቸውም። በጥላ ያደገው ቅጠል ህዋሶች ሰፊ ስለሆኑ መሄጃ አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ጥላ ውስጥ ያደገና ፀሐይ ላይ ያደገ ቅጠል በአካሉ የተለያየ መሆኑ ከታች ለምነግረው የችግኝ ጉዳይ መሠረቱ ነው።

ከመሸሽ ሌላ መሰባሰቡም ዋጋ አለው። በ2018 የታተመ የጎቶና የባልደረቦቹ ጥናት በደካማ ብርሃን መሰባሰብ ቅጠሉ የሚሠራውን ምግብና የተክሉን አጠቃላይ ክብደት እንደሚጨምር አሳየ። እንዲያውም ሁለተኛው ፎቶትሮፒን የሌላቸው፣ ክሎሮፕላስቶቻቸው ምንጊዜም ተሰብስበው የሚኖሩ ተክሎች ከጤነኞቹ በልጠው አደጉ። ይህን ያነበበ ሰው መሸሽ ትርፍ ነገር ነው ሊል ይችላል። ከ2002ቱ ውጤት ጋር አብሮ ሲነበብ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ብርሃኑ በማይጎዳበት ክፍል ውስጥ መሸሽ ወጪ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ በሚገድልበት ሜዳ ላይ ግን ሕይወት ነው። ወጪውም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭምር የሚከፈል ነው። ክሎሮፕላስቶች ጎን ላይ ሲደራረቡ ለህዋሱ ግድግዳ የሚሰጡት ገጽ ይቀንሳል፤ ከአየር ወደ እነሱ የሚገባው ጋዝም እንዲሁ። ህዋሱ ሁልጊዜ በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል ይመርጣል፤ ጽሑፉ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምክሩ ልምጣ። የጽሑፉ ሌሎች ስሕተቶች የሚጎዱት እውቀትን ነው፤ ይህኛው የሰው ድካም ያበላሻል። ጥላ ውስጥ ያደገን ተክል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ክሎሮፕላስቶቹ ያስተካክሉታል ይላል። በአገራችን ይህን ምክር ሰምቶ ተግባር ላይ ሊያውል የሚችል ሰው ሞልቷል። የአረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ከትላልቅ ዛፎች ሥር የበቀለ ተክል ነው፤ እስከ ዛሬም ገበሬው ከዋንዛ፣ ከሰሳና ከብርብራ ጥላ ሥር ያሳድገዋል። ችግኙም በዳስ ጥላ ሥር ነው የሚፈላው።

ሒሳቡን እንሥራው። ዳሱ ከሙሉ ፀሐይ አንድ አምስተኛውን ብቻ ያስገባ ነበር እንበል። ችግኙ ሲወጣ የሚያርፍበት ብርሃን አምስት እጥፍ ይሆናል። የክሎሮፕላስቱ ሽሽት ቅጠሉ ከሚይዘው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ይቀንስለታል ብንል፣ እሱም በጣም ለጋስ ግምት ነው፣ ቅጠሉ አሁንም ከለመደው አራት እጥፍ ይይዛል። የጎደለውን ሽሽት አይሞላውም። ሽሽት በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፤ የተሠራውም ደመና ሲገለጥ፣ በቅርንጫፎች መካከል ድንገት ፀሐይ ሲወርድ ለሚመጣ ብርሃን ነው። ቅጠልን ለፀሐይ የሚያበቃው ሌላ፣ ብዙ ቀናት የሚፈጅ ለውጥ ነው፦ የጥገናው አቅም ማደግ አለበት፣ ብርሃን የሚይዙት የክሎሮፊል ስብስቦች መቀነስ አለባቸው፣ ቅጠሉም መወፈር አለበት። የቅጠሉ ውፍረትና የህዋሶቹ ቅርጽ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰኑት ቅጠሉ በሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ፣ በጥላ ያደገ አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ የፀሐይ ቅጠል ሊሆን አይችልም። ፀሐዩን በሚገባ የሚችለው በአዲሱ ብርሃን ውስጥ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ከልምድ ያውቁታል። ከተከላ በፊት የዳሱን ሣር ወይም ቅጠል በየጊዜው እያሳሱ ችግኙን ከፀሐይ ጋር ያለማምዱታል። ፎቶትሮፒን የሚለውን ስም ሳይሰሙ የደረሱበት እውቀት ነው፤ ስለ ክሎሮፕላስት ያነበብን ሰዎች ልናስረዳው እንጂ ልናፈርሰው አይገባም። ያልተለማመደ ችግኝ በአንዴ ሲወጣ ቅጠሉ ይቢጫል፣ ጠርዙና መካከሉ ይቃጠላል፣ ቅጠሉን ያረግፋል። ሥሩ ገና አፈር ያልያዘ ከሆነ ደግሞ የውኃ ጥሙ ተጨምሮበት ይደርቃል።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። የተከላው ወቅት ሰኔና ሐምሌ ነው። ከዚያ በፊት የመጨረሻውን አንቀጽ ያውጡትና በምትኩ የሚከተለውን ይጻፉበት፤ ሌላው ቢዘገይ ይህ መዘግየት የለበትም። ችግኙ ከዳስ ከመውጣቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ጥላው በጥቂት በጥቂቱ ይሳሳ። መጀመሪያ የጠዋቱን ፀሐይ ብቻ ያግኝ፣ የቀትሩ በመጨረሻ ይምጣ። በእነዚያ ቀናት አፈሩ አይድረቅ። ቅጠሉ ሲቢጫ ከታየ ጥላው ይመለስለትና ቆይቶ ይሞከር። በበረታው ብርሃን ውስጥ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ለመስክ ደርሷል። ከተተከለ በኋላም ጊዜያዊ ጥላ ይደረግለት።